የጽናት ገንፎ

ከዘመሮ በላይ፣ መንዝ
ጥቅምት 27፣ የመድኃኔ ዓለም ዕለት

ለተከበሩ ለእትዬ ጌታነሽ፣ ለልጄ ለጽናት አማት፣
ዓለም ከተማ

ሰላምታዬን ከማቅረቤ በፊት ጥፋቴን ላስቀድም፤ ሰላምታው ከቀደመ ጥፋቱ ሳይጻፍ እንደሚቀር ራሴን አውቀዋለሁና። እርስዎ የላኳቸው ሽማግሌዎች ቤቴ ገብተው ጽናትን ለልጅዎ ለባምላኩ ሲጠይቁኝ፣ «የልጅቷ እናት በምን ሞተች?» ብለውኝ ነበር። «ምች መታት» አልኩ። ዋሽቼ ነው። ባለቤቴ ምንዳዬ የሞተችው በወሊድ ነው።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ባምላኩስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ገብሱም ደህና ነው፤ ውርጭ ከታችኛው ማሳ ጥቂት ቢወስድም የላይኛውን ትቶልኛል።

ጽናትን የምትመረምራት አዋላጅ «እናቷ በደህና ትወልድ ነበር ወይ?» ብላ መጠየቋን ከጻፉልኝ ጀምሮ ደብዳቤዎ ከዳዊቴ ሥር ተቀምጧል። ጠዋት ዳዊቴን ባነሳሁ ቁጥር አየዋለሁ፤ አይቼም መልሼ እሸፍነዋለሁ። ዛሬ ከቅዳሴ ስመለስ ግን በቃኝ። መልሱ ይኸው ነው። ጽናት አራት ዓመቷ ነበር። ሁለተኛው ልጅ ወንድ ነበር፤ ሳያለቅስ ቀረ። ከዚያ የምንዳዬ ደም አልቆም አለ። ጎረቤት ቃሬዛ አንስቶ ወደ ዘመሮ ወረድን፤ ወንዙን ሳንሻገር ግን ተመለስን። የምንዳዬንም እናት እንዲሁ ከወሊድ በኋላ ደም ነው የወሰዳት። ይህንን ለአዋላጇ ንገሩልኝ፤ ምንም አትቀንሱ።

ለምን ዋሸሁ? «የዚህ ዘር ሴት ወልዳ አትነሳም» ብላችሁ ልጄን እንዳትተዉብኝ ፈርቼ ነው። ሁለቱ ደብረ ብርሃን ሲማሩ ተዋደው፣ እርሷ በየበዓሉ እቤት ስትመጣ የምታወራው ስለ ባምላኩ ብቻ ነበር። ለእርሷም ምች ነው ያልኳት። ለአራት ዓመት ልጅ ሌላ ምን ይባላል? ችግሩ አሁን ሠላሳ ሁለት መሙላቷ ነው፤ እኔ ግን አሁንም ምች ላይ ቆሜያለሁ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት፣ ስልኬ የሚሠራው ከጉብታው ላይ ብቻ ስለሆነ ነው። እዚያ ደግሞ መንደሩ በሙሉ ስልክ ሊደውል ቆሞ ያንዱን ወሬ ሌላው ይሰማል። የእርስዎንም ስልክ ብዙ ጊዜ የምታነሳው ጽናት ናት። ደብዳቤውን የሚያመጣልዎ የአውቶቡሱ ሹፌር ምንይሉ ነው፤ እርሱ ቢከፍተውም ማንበብ ይሰለቸዋል።

አንድ ልመና አለኝ። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በሴቷ ወላጆች ቤት መሆኑን እኔ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ምንዳዬ ቃሬዛው ላይ ሆና የተናገረችው የመጨረሻ ቃል «ጽናት ስትወልድ እናት የለኝም እንዳትል» የሚል ነበር። ስለዚህ ኅዳር ሲያልቅ ላኩልኝ። ቤቱን አስለቅልቄያለሁ፤ ለገንፎ የሚሆነውን ገብስ ለይቻለሁ፤ ቅቤም አስቀምጫለሁ። ምንም አይጎድልባትም።

ይቅርታዎን የሚጠብቀው
ቅጣው


ዓለም ከተማ
ኅዳር 6፣ ቁስቋም

ለጋሼ ቅጣው፣

ጥፋትዎን በመጀመሪያው መስመር ስላስቀመጡት እኔም በመጀመሪያው መስመር ልመልስ። ይቅር ብያለሁ። ተቆጥቻለሁም። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ ያቅታታል ብለው አያስቡ፤ ስንቱን ገበያተኛ ተቆጥቼ፣ ይቅር ብዬ፣ እህል ሸጬለት ነው የምውለው።

ደግሞ ብቻዎን አልዋሹም። ሽማግሌዎቹን ስልክ «ልጄ ጭምት ነው፣ ድምፁ አይሰማም በሉ» ብዬ መክሬ ነው። ቀን ቀን እውነት ነው። ሌሊት ግን ሲያንኮራፋ በሦስተኛው ቤት ያለ ሰው ይነቃል። ጽናት ከሠርጉ ማግስት «እማማ፣ ይሄን ነገር ለምን አልነገራችሁኝም?» ብትለኝ፣ ብርድ ነው ብያታለሁ። እርስዎ ምች ሲሉ እኔ ብርድ አልኩ። እንግዲህ ተስተካክለናል።

ለአዋላጇ ነገርኩ። ምንም አልቀነስኩም። ካርዱ ላይ በቀይ ጻፈችና «እናቴ፣ ይህን ማወቃችን ትልቅ ነገር ነው» አለችኝ። ከዚያ ዶክተሩን ጠራችው፤ እርሱም አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። የተማረ ሰው ራሱን ሲነቀንቅ አልወድም፤ ሆኖም ሁለቱም ደግ ሰዎች ናቸው።

ላኩልኝ ስላሉት ግን፣ ጋሼ፣ የራስዎን ደብዳቤ መልሰው ያንብቡት። ከላይ ሁለት ሴቶች ደም ወሰዳቸው ይላል። ከታች ደግሞ ሦስተኛዋን እዚያው ቤት ላኩልኝ ይላል። መካከሉ ላይ እንቅልፍ ወስዶዎት ነበር? ቤትዎ እንደተለቀለቀ አምናለሁ፤ ቅቤዎም ጥሩ ቅቤ እንደሚሆን አምናለሁ። ደም ግን በልቅልቅ አይቆምም። ልጅቷ ሆስፒታል ካለበት አትነቃነቅም። ወግ የማላውቅ ሆኜ አይደለም። የእኔም በኩር የተወለደው እናቴ ቤት ነው።

ለጽናት ንገሪልኝ እንዳላሉ አይቻለሁ፤ ግን ሊሉኝ እንደነበር ከጽሑፍዎ ይሸታል። አልነግርም። የእናት ሞት በአማት አፍ አይነገርም። የሚያዋልዷት ለምን ደጋግመው እንደሚጠሯት ስትጠይቀኝ «ከሠላሳ ስላለፍሽ ነው» ብያታለሁና በእኔ ላይ ሌላ ውሸት አይጨምሩ።

እርሷ ደህና ናት። ሎሚ በጨው ትበላለች፤ ከባምላኩም ጋር ስለ ስም ትጨቃጨቃለች። ሆዷ ከበር ቀድሟት ነው የሚገባው።

ጌታነሽ


ከዘመሮ በላይ
ኅዳር 21፣ ጽዮን

ለተከበሩ ለእትዬ ጌታነሽ፣

እንደ ጽዮን ማርያም በዓል ያለ ደስታ በቤትዎ ይግባ። ይቅርታዎ ደረሰኝ፤ ቁጣዎም ደረሰኝ፤ ሁለቱንም እንደ መድኃኒት ዋጥኳቸው።

ደብዳቤዬን መልሰው ያንብቡት ስላሉኝ፣ አስቤ ከላይ እስከ ታች በልቤ አነበብኩት። አፈርኩ። አንድ ሰው በአንድ እጁ እሳቱን እያሳየ በሌላው እጁ ልጁን ወደዚያው ይገፋል? የቅሬያችን፣ እናንተ እድር የምትሉት፣ ዳኛ እኔ ነኝ፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደቀበረ፣ ማን ከቀብር እንደቀረ እኔ ነኝ የምጠይቀው። ቃሬዛችን አንድ ነው፤ ወላድም በሽተኛም አስከሬንም በእርሱ ነው የሚሄደው። ስንት ወላድ ተሸክመን ወርደን እንደተመለስን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ቅሬያችን ከመስከረም ወዲህ የቀበረው ግን ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ሁለቱም የልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሌዎች። ከቀብር ስንመለስ ሰዉ ያለቅሳል ስል ይሥቅ ነበር። ሞት ተራውን ሲጠብቅ እንዲህ ነው። እኔ ደግሞ ይህንን እያየሁ የራሴን ልጅ ያለተራዋ ልጠራት ነበር።

የምንዳዬ ቃል ግን አላስተኛኝ አለ። ወደ ነፍስ አባቴ ወደ መምሬ መርስዔ ኃዘን ሄጄ ነገርኳቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ «እናት የለኝም እንዳትል ነው ያለችህ። ከቤትህ አትውጣ አላለችህም» አሉኝ። ከዚያ በጎቻቸውን ሊያስገቡ ሄዱ።

እኔ ልሄድ ነው እንግዲህ። የእናት ሥራ ምን እንደሆነ አሰብኩ፤ ለአራስ ገንፎ ማማሰል ነው። ጎረቤታችንን አስካለ ማርያምን አስተምሪኝ አልኳት። ማስተማሩን እሺ አለች፤ መሣቋን ግን አልተወችም። የመጀመሪያው ቀን ገንፎው ጓጎለ። «ጋሼ ቅጣው፣ ይሄ ገንፎ ነው ወይስ የወንዝ ጠጠር?» አለችኝ። ለውሻ ጣልነው፤ ውሻውም አሽትቶ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛው ቀን ቀጠነ። ሦስተኛው ቀን ደህና ሆነ፤ ግን ጾም ስለገባ ቅቤውን ሳላስገባ በዘይት ነው የሞከርኩት። የቅቤውን ልክ ማወቅ የምችለው ከልደት በኋላ ነው፤ ጽናት ደግሞ እስከ ልደት አትጠብቅም። አስካለ «ቅቤውን በእጅህ ታውቀዋለህ፣ በምላስህ አይደለም» ትለኛለች። በዚህ ዕድሜዬ እጄ ምን እንደሚያውቅ እጠራጠራለሁ።

ለጽናት አልነግርም ስላሉት ሁለተኛው ጉዳይ ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ነገር ግን ወረቀቱ አለቀ።

ቅጣው


ዓለም ከተማ
ታኅሣሥ 3፣ በዓታ

ጋሼ ቅጣው፣

ወረቀቱ አለቀ ያሉት ጀርባው ባዶ ነው። እዚህ ላይ የምጽፍልዎት እኮ እርሱው ላይ ነው፤ ገልብጠው ይዩት።

አሁን ቀልዱን ላቁም። ዶክተሩ ጽናት ወደ ደብረ ብርሃን ትሂድ አለ። እዚያ ያለው ሆስፒታል ደም ተዘጋጅቶ የሚጠብቅበት ነው። ክፉ ምልክት አላየሁም፣ ለጥንቃቄ ነው አለኝ። ይህ ሁሉ የሆነው በቀይ ከተጻፈው የተነሣ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለም። ያን ቀን ጽፈው ባይልኩ ኖሮ ልጅቷ እዚሁ ሎሚዋን እየበላች ምጧን ትጠብቅ ነበር።

ባምላኩ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ አውጥቶ ከሆስፒታሉ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ሁለቱ ትናንት ሄዱ። እኔ ልከተላቸው አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንድ እግሬን ሳነሳ ጉልበቴ ሌላውን ከለከለኝ። ሰው ሁሉ ከኋላ «እማማ፣ ይግቡ ወይ ይውረዱ» ይላል። ወረድኩ። አልቅሼ ወደ ቤቴ ገባሁ። ስለዚህ ያ ቤት የአራስ እናት የለውም። እርስዎ ነዎት። መንገዱም ለእርስዎ ይቀርባል። ገንፎው ቢጓጉልም ይሂዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመሄዷ በፊት አጠገቤ ቁጭ ብላ የሕፃን ልብስ ስታጥፍ «እማማ፣ እናቴ በምን እንደሞተች ስጠይቀው አባዬ ሁልጊዜ ወደ በግ ወሬ የሚሄደው ለምንድን ነው?» አለችኝ። እኔም አላውቅም አልኩ። ይኸው በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ ውሸቴ። ሦስተኛ እንዳልዋሽ፣ ከመውለዷ በፊት ይንገሯት። ከወለደች በኋላ ከሆነ ወሬ ነው። ከመውለዷ በፊት ከሆነ ግን የራሷ ነገር ነው፤ ራሷ ትይዘዋለች።

ቢፈሩስ? ይፍሩ። እየፈሩ ይንገሯት።

ጌታነሽ


ከዘመሮ በላይ
ታኅሣሥ 8

ለእትዬ ጌታነሽ፣

አጭር ነው የምጽፈው፤ ነገ በማለዳ እነሣለሁ።

ጀርባውን ገልብጬ አየሁት። እውነት ነው፣ ባዶ ነበር።

መሄዴን ሊያሰናክል የነበረ ነገር መጥቶ ነበር። ጋሽ ይሥሐቅ፣ ከእኛ መንደር በዕድሜ ሁሉን የሚበልጡት፣ ታመው ወድቀዋል። የቅሬው ዳኛ ደግሞ ሰው ሊሞት ሲል ከአገር አይወጣም፤ ይህንን ሕግ ያጸናሁት እኔው ነኝ፤ ለሠርግ ሄዶ ከቀብር የቀረ ሰው ላይ ስንት ቀን ጮኼያለሁ። ልጠይቃቸው ገባሁና አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። «ምን ሆነሃል?» አሉኝ። ጽናት ልትወልድ ነው፣ እርስዎ ደግሞ ተኝተዋል አልኳቸው። «ሂድ እንጂ» አሉ። «ዘጠና ዓመት የቆየሁ ሰው ሁለት ሱባዔ መቆየት ያቅተኛል? እስክትመለስ አልሞትም። ስትመጣ የሕፃኑን ነገር ትነግረኛለህ።» ከዚያ ውኃ ጠይቀው ጠጡና ተኙ። የሞት ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ተቀበልኩ።

የገብሱን ዱቄት፣ ቅቤውን፣ በርበሬውን፣ ማሩንም ጭኛለሁ። ማማሰያ ከወይራ አስጠርቤያለሁ። አስካለ ማርያም «ቅቤ ታቅፎ በጾም አውቶቡስ የሚገባ ሽማግሌ ሰው ምን ይለዋል?» ብላ ሥቃ ሸኘችኝ።

ስለ ሁለተኛው ጉዳይ፦ እፈራለሁ። ግን እሄዳለሁ።

ቅጣው


ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

ለእትዬ ጌታነሽ፣ ለአያቲቱ፣

እንኳን ደስ ያለዎት። እንኳን ማርያም ማረቻት። ሴት ናት። ባምላኩ ከሆስፒታሉ በር ላይ ደውሎልዎት እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን እርሱ እያለቀሰ ስለነበር የሰሙት ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ስለዚህ እንደገና ልንገርዎት። ሕፃኗ ደህና ናት፤ ትጮኻለች፤ ድምፅዋ የአባቷ ነው። እንግዲህ ብርድ ነው እያላችሁ ማንንም እንዳታታልሉ፤ የዘር ነው።

ጽናትም ደህና ናት። እንደተፈራው ደሙ መጥቶ ነበር። ግን ደሙን የሚጠብቅ ደም ተዘጋጅቶ ቆይቶ ነበር። ዝርዝሩን አልጠየቅኩም፤ እነርሱም አልነገሩኝም። እኔ ደጅ ላይ ከባምላኩ ጋር ነበርኩ። «ማርያም፣ ማርያም» የምትል ሴት ከእኛ ወገን ስላልነበረች እኔ አልኩ፤ ባምላኩም አለ። የሌሎች ወላዶች እናቶች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሣቁብን፤ ኋላ ግን አብረውን አሉ። ሕፃኗ ስትጮኽ እልል ያሉልንም እነርሱው ናቸው። ባምላኩ ሊያግዛቸው ሞክሮ ነበር፤ ዘበኛው ደንግጦ መጣ።

ገንፎውን ሠርቻለሁ። አልጓጎለም። ቅቤውን በእጄ አወቅሁት። ድስቱን አቅፌ ክፍሉ ስገባ አንዲት እናት «አባባ፣ ሚስትዎ የት ሄዱና ነው?» አለችኝ። ልከውኛል አልኳት። ጽናት መካከሉን ጎድጉዳ ቅቤና በርበሬው ውስጥ እየነከረች በላች፤ ሁለተኛም ጠየቀች። ባምላኩም በላ፤ ማንም ሳይጠይቀው። እኔ ጾም ነኝ፤ ሽታው በቃኝ።

እዚህ በደረሰኝ ደብዳቤዎ ስለ ጋሽ ይሥሐቅ ጠይቀውኝ ነበር። ከመንደር የመጣ ሰው እንደነገረኝ ቃላቸውን እስካሁን ጠብቀዋል፤ እንዲያውም ተነሥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ «ቅጣው ዘገየብኝ፣ ሴት ናት ወንድ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

የደብዳቤዎ የመጨረሻ ጥያቄ ይቀራል። ነግረዋታል ወይ ብለዋል። አውቄ ነው ወደ ታች ያቆየሁት፤ ወረቀቱም አላለቀም።

እዚህ በደረስኩ ማግስት ነበር። ባምላኩ ከሰል ሊገዛ ወጥቷል። ጽናት ትንሿ ክፍል ውስጥ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታለች። እጄን ለማለማመድ ብዬ ድስት ጥጄ ገንፎ ማማሰል ጀመርኩ። ሰው እጁ ሥራ ላይ ሲሆን መሸሽ አይችልም ብዬ ነው፤ ገንፎ ደግሞ አንዴ ዱቄቱ ከገባ ጥለውት አይሄዱም። ጀርባዬን ለእርሷ፣ ፊቴን ለድስቱ ሰጥቼ ቆምኩ። በጎቹ እንዴት ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ናቸው ልል አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ዘጋሁት።

«ጽናት» አልኳት፣ «እናትሽን ምች አልመታትም። በወሊድ ነው የሞተችው። ዋሽቼሻለሁ።»

ዱቄቱ ሲፈላ የሚያወጣውን ድምፅ ያውቁታል፤ ከእርሱ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ዞሬ ማየት ፈራሁ። ስታለቅስም አልሰማሁም፣ ስትነሣም አልሰማሁም። እንደ ልጅነቷ ኩርፊያ ይሆናል፣ ወይም ደግሞ ልጇን በሆዷ እንደያዘች አደጋ ላይ ጣልኳት ብዬ አሰብኩ። ለካ እጄ ቆሞ ኖሯል።

«አባዬ» አለችኝ ቆይታ፣ «ገንፎው እያረረ ነው።»

ያን ጊዜ ዞርኩ። ግድግዳውን ይዛ ተነሥታለች፤ ዓይኗ ውኃ ሞልቷል። ያን ሆድ ይዛ መጥታ ማማሰያውን ከእጄ ወሰደችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ እኔን ከፍራሹ ጫፍ አስቀመጠችኝ።

«እኔ ላማስል» አለች። «አንተ ንገረኝ። ከመጀመሪያው።»

እኔም ምንዳዬ ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ምጥ ከያዛት ሰዓት ጀምሬ፣ ቃሬዛው ከወንዙ አፋፍ እስከተመለሰበት ድረስ፣ እዚያ ላይ ሆና የተናገረችውንም ቃል ሳላስቀር፣ አንድም በግ ሳልጠራ፣ ሁሉንም ነገርኳት።

ቅጣው